ጎማና ግጥም

የመጀመሪያዋን የግጥም መድበሌን ለማሳተም ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ያጠራቀምኳት ጥሪት ነበረችኝ። ባለፈው ክረምት፣ አንድ ምሽት፣ ከሻሸመኔ ወደ ሀዋሳ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ፍሬን ስረግጥ ኮሮላዬ እንደ ሐይቃችን ጀልባ ተንሳፈፈች። ከኋላ የተኙት ልጆቼ አልነቁም፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ጎሚስታ ጣቱን በጎማው ጥርሶች መካከል ሰደደ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልቋል!» አለኝ። ከቦዩ ውስጥ ያለችው የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክት ከጥርሱ እኩል ሆናለች።

ከሱቁ ስደርስ ልቤ የከጀለው ሰፊውን፣ መኪናን የእሽቅድምድም የሚያስመስለውን ጎማ ነበር። ነጋዴው ዋጋ ቀነሰልኝ። ጎኑ ላይ ግን አራት አኃዞች አነበብኩ፦ 2315። በአውሮፓውያኑ 2015፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎማ አንድ ቀን ሳይነዳም በመደርደሪያ ላይ ይደርቃል።

በመጨረሻ ለመኪናዬ የሚስማማውን አዲስ ጎማ መረጥኩ፤ 195/65፣ ባለ 15 ቸርኬ፣ «91 ቪ»። እያንዳንዱ 615 ኪሎ ይሸከማል፤ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል። እኔ ከ80 የማላልፍ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ለከጃይዋ ነፍሴ ያቺ «ቪ» ትበቃታለች።

አራቱ ሲገጠሙ ጥሪቴ አለቀች። ማታ ረቂቄን ከመሳቢያው አወጣሁት። ጎማ ተቀምጦ ያረጃል፤ ግጥምስ? አንዱን ስንኝ ሰረዝኩ። የቀሩት ገና ጥርስ አላቸው።