ጠርሙሱ ላይ የለጠፍነው ጥቅስ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ ጉሎ ዘይት ነው። ስለ ጸጋ ስጦታ ወይም ስለ ጾም ጸሎት የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኛን ጌታ ያናገረን በዚህ ነው።

እኛ ቆቦ ከተማ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ በአንዲት እህታችን ቤት የምንሰበሰብ ሰባት ሴቶች ነን። ሁለቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። በጦርነቱ ተፈናቅለን ስንመለስ ብዙዎቻችን መነገጃችን ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰሞን በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችውን መበለት እያጠናን ነበርና፣ ኤልሳዕ እሷን እንደጠየቃት እኛም "ቤታችን ውስጥ ምን አለ?" ተባባልን። ያለን ጉሎ ነው።

ጉሎን ራያ ውስጥ የማያውቅ የለም። በየአጥሩ ጥግ ሳይዘሩት ይበቅላል፤ እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ያሟሹበታል። ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በውሃ ደጋግመን አፍልተን ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት እንቀዳለን። ጥሬው ፍሬ መርዝ ስላለው ልጆች አጠገብ አይደርሱም። ዘይቱ ለፀጉርና ለደረቀ ቆዳ ነው። የራያ ሴት ፀጉሯን የምትቀባው ቅቤ ነበር፤ ቅቤው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ ሽታውን የማይወዱ ወጣቶችም በዙ። መጀመሪያ ሬትም ጨምረንበት ነበር፤ ሬቱ ውሃ ስላለው በቆላው ሙቀት ቶሎ ተበላሸብንና ተውነው።

ስለ ማሸጊያው ያሰብነው አንዲት ዓረብ አገር የምትሠራ ዘመዳችን የፊት ቅባት ስትልክልን ነው። ከውጭ ላስቲክ፣ ከውስጡ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ፕላስቲክ፣ በመጨረሻ ከበድ ያለ ብልቃጥ። ብልቃጡ ትልቅ ነው፤ ሲከፈት ግን ግድግዳው ድርብ ሆኖ ቅባቱ ያለው እንቁላል በማታህል ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ "ቪጋን" ይላል። ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም ማለት እንደሆነ አንዷ ልጅ ስታስረዳን፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን "እንዲያ በሉኝ እንጂ፣ የጾም ነው!" ብላ አሳቀችን። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ የተረፈን ቁም ነገር ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ቅናት ነበር። የእኛም ዘይት የጾም ነው፤ እንዲህ ቢታሸግ ሰው ያከብረው ነበር አልን።

ስለዚህ ከደሴ ትንንሽ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በካርቶን አስመጣን፣ መለጠፊያም አሳተምን። በመለጠፊያው ላይ የህብረታችንን ስም አደረግን፤ ከሥሩ ደግሞ ዘይት ፊትን እንደሚያበራ የሚናገረውን የመዝሙር 104 ቃል። ወንጌልም በዚያው ይሄድልናል ብለን ነበር። ሒሳቡን ስንሠራ ጠርሙሱና ወረቀቱ ከዘይቱ በላይ ያወጡ ነበር፤ ቢሆንም ተሸጠ። ለሠርግ ሰሞንማ አልበቃንም።

ቆቦ ቆሻሻ የሚጣልበትን የሚያውቅ የሚቀጥለውን ይገምታል። ከተማችን ከምዕራቡ ተራራ ሥር ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከደጋው ወርዶ፣ ሆርማትንና ጎሊናን ሞልቶ፣ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ በሜዳው ይሄዳል። ገበሬው ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል፤ የራያ እርሻ ከጥንትም ያለው በዚህ ነው። ከተማው በበጋ የጣለውን ሁሉ ጎርፉ በክረምት ሰብስቦ ለገበሬው ያደርስለታል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም አባት ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው በር አንኳኩ። ውስጡ የእኛ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ጭቃ የጠጡ፣ አንዳንዶቹ ክዳናቸው እንኳ ያልወለቀ። ከፌስታልና ከእንጨት ጋር ተጠላልፈው የመስኖ በራቸውን ዘግተው ውሃው ማሳቸውን አልፎ ሄዷል። ሊቆጡ የመጡ መስሎን ተነስተን ይቅርታ መጠየቅ ጀመርን።

"አብሽሩ ልጆቼ፣ ለሱ አይደለም የመጣሁት" አሉን። "ልጄ አንብቦልኝ የፈጣሪ ቃል ነው ያለበት አለኝ። የፈጣሪ ቃል እግር ሥር አይወድቅም ብዬ ለቅሜ ነው።"

ቡና አፍልተንላቸው ጠጥተው ሄዱ። እኛ ግን ከረጢቱን ከብበን ቀረን። ቃሉን ያከበሩት እሳቸው፣ ጭቃ ውስጥ የጣልነው እኛ። ከመካከላችን አንዷ መጽሐፍ ቅዱሷን ከፍታ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አነበበችው። የለጠፍነው ከቁጥር 15 ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁጥር 10 ላይ፣ ያው መዝሙር እግዚአብሔር ውሃን በተራሮች መካከል ወደ ሸለቆ እንደሚልክ ይናገራል። አንዱን ቁጥር ቆርጠን የሌላውን መንገድ ዘግተንበታል። ያን ዕለት የጸለይነው ረጅም ጸሎት አልነበረም።

ይህን ስንናገር ክርክር አልነበረም ማለት አይደለም። አንዷ እህታችን መንግሥት የከለከለው ፌስታልን ነው አለች። እውነትም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ይከለክል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ግን ሽማግሌው አዋጅ ይዘው አልመጡም። ከባዱ ክርክር የመጣው ከአንደኛዋ መበለት ነው። "ጠርሙሱን ከተዋችሁት ገዢ ይሸሻል። እናንተ ባል አላችሁ፤ የእኔን ልጆች ደብተር ማን ይገዛል?" አለች። መልስ አልነበረንም። ሁለት ሐሙስ ጥናታችን በዝምታ አለፈ፤ እሷም አንዱን ቀርታለች።

መልሱን ያገኘነው እዚያው መበለቷ ታሪክ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ አንብበነው አላየነውም። ኤልሳዕ ለሴቲቱ ማድጋ ግዢ አላላትም። ከጎረቤት ሁሉ ባዶ ዕቃ ተዋሺ ነው ያላት። ልጆች ሳለን እኛም ላምባ ልንገዛ ስንላክ ጠርሙሳችንን ይዘን አልነበር የምንሄደው? የለስላሳ ጠርሙስ እስከ ዛሬ በመያዣ አይደለም የሚሄደው? በዚያ ዓይን ስናየው የሰው ልጅ ያለ ፕላስቲክ ቅባት የኖረበት ዘመን ይበልጣል። እንዶድን ተመልከቱ፤ ፍሬው ራሱ ሳሙና ነው፣ ዕቃውም የራሱ ቆዳ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ለማጥፋት እንደሚያገለግል የደረሱበት። (ከርዕሳችን ወጣን፤ ግን ባወራነው ቁጥር ደስ ይለናል።)

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ዘይቱን በትልቅ እንስራ እናወጣለን፤ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ዕቃው ደረቅ መሆን አለበት፣ ጠብታ ውሃ ካለው ዘይቱን ያበላሸዋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ከሆነ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡት እንላለን፤ ድሮ አንዳንዱ ሽታው ይለወጥ የነበረው በዚያ ነጭ ፕላስቲክ መሆኑን ዘግይተን ነው የተረዳነው። የጠርሙሱ ዋጋ ስለቀረ ዘይቱ ረክሷል። ለስጦታ ለሚፈልግ የብርጭቆ ጠርሙስ በመያዣ እንሰጣለን፤ ሲመልስ ብሩ ይመለስለታል። ጥቅሱን አንለጥፍም። የሚጠይቀን ካለ በቃላችን እንነግረዋለን፣ ደግሞም ይጠይቃሉ።

ሽያጩ ቀንሷል፤ ይህን አንደብቅም። የሠርግ ገዢዎች ወደ ሌላ ሄደዋል። ከሚገኘው ግን የሁለቱ መበለቶች ድርሻ መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የቀረነው የምንካፈለው። ያች እህታችን ተመልሳለች፤ ገንዘብ ያዥም እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ የሽማግሌው ባለቤት ቅል ይዘው መጡ። አፉ ጠባብ ስለሆነ በቅጠል ቀስ እያልን ስንሞላ ከኋላቸው ሰልፉ ረዘመ። በነገሥት መጽሐፍ ዘይቱ የቆመው ዕቃው ሲያልቅ ነው፤ ለእኛ ግን ዕቃው ሳያልቅ ዘይቱ አለቀ። ሦስት ሴቶች ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ለመጪው ቅዳሜ ቀጥረናቸዋል፣ ዛሬም ጉሎ እየቆላን ነው።