የምን ተመስገን?

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ልተኛ ስል እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ትነሳለች። በታኅሣሥ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ሁለታችንም እናመሰግናለን፤ እሷ ቆማ፣ እኔ ጽፌ።

የእሷን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታማትባለች። ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታደርሳለች፤ ውዳሴው ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነውና የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ምስጋናው ደጅ ይወጣል። «እንዴት አደርሽ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሙስሊሟ ጎረቤታችንም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ቡናውም ቢሆን አቦል፣ ቶና ተብሎ በረካ ላይ ነው የሚያበቃው። ሳይጠጣ ሊነሳ የሚል ሰው «ኧረ በረካውን!» ተብሎ ይቀመጣል።

እኔ እዚህ ቡናዬን በወረቀት ኩባያ፣ እየሮጥኩ እጠጣለሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም የለውም።

ምስጋናዬን የምጽፍበትን ደብተር የሰጠችኝ አዛውንት በምንከባከብበት ቦታ አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ናት። አንድ ቀን ፊቴን አየችና «ማታ ማታ የምታመሰግኚባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፊ» አለችኝ። የመጀመሪያው ሌሊት «ጤና፣ ሥራ፣ ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ነበር። በአራተኛው አፈርኩና ቀኔን ወደ ኋላ መፈተሽ ጀመርኩ። «የአውቶቡሱ ሾፌር ስሮጥ አይቶ በሩን መልሶ ከፈተልኝ።» «የማገለግላቸው አዛውንት ዛሬ ስሜን ሳይስቱ ጠሩኝ።» «እንጀራዬ ዓይን አወጣ!» ውጭ አገር እንጀራ የጋገረ ሰው የመጨረሻዋን ምስጋና ክብደት ያውቃል።

ነገሩ የባልደረባዬ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማካሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ሰዎች የሚያማርሯቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ይሰማቸው ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የምስጋና ቀን ራሱ የታወጀው ሁሉ ሞልቶ አይደለም፤ አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ያወጀው አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ ነው።

ስለ ደብተሩ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ደስ አላት።

«ለማን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ለራሴ ነዋ፣ እማዬ።»

ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ልጄ፣ ሰጪው በምን ይሰማል?» አለች።

ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። በቅዳሴያችን «አኮቴት» የሚለው የግእዝ ቃል ምስጋና ማለት ነው። ቅዳሴ ደግሞ ለብቻ አይቀደስም፤ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፣ ሕዝቡም ይመልሳል። የእኔ ምስጋና ግን ከትራሴ ሥር ተዘግቶ ያድራል። በማግሥቱ ሾፌሩን ጠብቄ አመሰገንኩት። በሩን መክፈቱን ጨርሶ አላስታወሰውም፤ ግን ፈገግ አለ።

የእናቴም መንገድ ቢሆን ጎዶሎ አለው። ባለፈው ዓመት ለወራት በደወልኩ ቁጥር «ተመስገን» እያለችኝ፣ ጉልበቷ አብጦ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንዳቃታት የሰማሁት ከእህቴ ነው። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት «ማማረር ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለች። ያ ሁሉ «ተመስገን» ሕመሟን ሸፍኖ ኖሯል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ በአንዲት ቃል ተሸፋፍነን የምንደዋወለው?

አሁን «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትለኝ «የዛሬው የምን ተመስገን ነው?» እላታለሁ። ትስቅና ትዘረዝርልኛለች። «ጉልበቴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ጠዋት ግን የጎረቤት ልጅ ውኃ ቀዳችልኝ፣ ትደግ።» ሕመሙም ምስጋናውም በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። እኔም ከደብተሬ ሦስቱን መስመሮች አነብላታለሁ። በእያንዳንዱ «እሰይ» ትላለች።

መንፈሳዊ እድገት ድሮ ጾምና ስግደት መጨመር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን የተደረገልኝን ማየት፣ ካየሁም በኋላ ያደረገልኝን መጥራት ጭምር እንደሆነ ገብቶኛል። ማየቱን ከደብተሩ፣ መጥራቱን ከእናቴ ተምሬያለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውሉ «ተመስገን ነው» ከተባላችሁ፣ ስልኩን ለመዝጋት አትቸኩሉ። የምን ተመስገን እንደሆነ ጠይቁ።