ሳቅ የጠፋባችሁ ፍቅረኞች፣ ወደ እንጦጦ!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከፍቅረኛችሁ ጋር ከልባችሁ የሳቃችሁት መቼ ነው? ረስታችሁት ከሆነ ይህቺን አንብቧት።

መገናኛ አካባቢ የሚሠሩ ሁለት እጮኛሞች አውቃለሁ። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ ኬክ ቤት ሲገናኙ እሱ ስልኩን፣ እሷ ማኪያቶዋን ነው የሚያዩት። አፋቸውን ከከፈቱም ጭቅጭቁ ስለ አዳራሽ ኪራይ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ «ቀለበቱን ልመልስለት ነው። ከሱ ጋር መደሰት እንዴት እንደነበር ጠፍቶብኛል» አለችኝ።

«መጀመሪያ አንድ እሁድ ስጪው» አልኳት። «አንተም ካለህ» አለች። ሦስት ሆነን ከአራት ኪሎ የፈረንሳይ ታክሲ ያዝን።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስሙን ያገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሰጡት ቦታ ነው። ከታክሲ ወርዳችሁ ሽቅብ ስትወጡ ቤቱ እየሳሳ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ ይሄዳል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋልና ትንፋሽ ያጥራል። የኛ ሰውዬ ግን ለሠርጉ የገዛውን ሹል ጫማ አድርጎ መጥቷል! ደረቅ ቅጠል አንሸራተተውና ዘጭ አለ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ቆም ብለው «አይ የዘንድሮ ጎረምሳ! ባዶ እጅህን ትወድቃለህ?» ቢሉት እጮኛው ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። ሊቆጣ ቃጥቶት ነበር፤ እሱንም ሳቅ አሸነፈው።

«እስቲ እኔ ልያዝልዎ» ብሎ ሸክሙን ተቀበላቸው። አሥር እርምጃ እንኳ አልሄደም፤ ጉልበቱ ተብረከረከ። እናትየው ሸክማቸውን መልሰው አዝለው ቁልቁል ሲወርዱ ሁለቱም ዝም ብለው አዩዋቸው።

አፋፉ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየን ስለ እቴጌ ጣይቱ አነሳሁ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም «አዲስ አበባ» አሉት። ምኒልክም ተከትለው ወረዱ። «ሰማህ? ሚስት ስትናገር እንዲህ ነው!» አለች እጮኛው በክርኗ ጎሰም እያደረገችው። «እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት። «አዳራሹ ይቅር። እናቴ ግቢ ድንኳን እንጣል» አለች። ለወራት ያጨቃጨቃቸው ነገር በአንድ እፍኝ ቆሎ አለቀ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው፦ በጠዋት ውጡ፤ ሳይመሽ ውረዱ። ጫካው ውስጥ ሁለት ብቻችሁን አትግቡ፤ ሌባ አይጠፋም። ጋቢ ያዙ፤ ሹል ጫማ ቤት ይቅር። ስልኩን ዝጉት። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ ሰላም በሉ፣ መንገድ ልቀቁ፤ ለናንተ ሽርሽር የሆነው ዳገት ለነሱ እንጀራ ነው። ኪሳችሁ ከሞላ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ካፌም ፈረስም አለው። ካልሞላም ቆሎ ይበቃል።

ፍቅር የሚቀዘቅዘው ሁልጊዜ መውደድ ስላለቀ አይደለም፤ አብሮ መጫወት ሲቀርም ነው። ለመለያየት ከመቸኮላችሁ በፊት እስቲ አንድ ዳገት አብራችሁ ውጡ!