የአባቴ ቡናና የኔ ኖራ

ይህ የምተርክላችሁ ጥፋት የራሴ ስለሆነ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለኝም። ባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከዘጌ ችግኝ አምጥቶ የተከላት አንዲት የቡና ዛፍ አለች። እናቴ ከእርሷ የምትለቅመው ለአንድ ወር እንኳ አይበቃም፤ ሆኖም የዒድ ቀን በቤታችን የሚፈላው ከሌላ ቡና አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ለዒድ ብዬ የድንጋይ አጥሩን ኖራ ቀባሁና የተረፈውን ከቡናዋ ሥር ደፋሁት። በዚያ ላይ «ማዳበሪያ ነው» እያልኩ አመድ እበትንባት ነበር። ዓመት ሳይሞላ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። እናቴ «ልጄ፣ የአባትህ ዛፍ ምን ሆነችብኝ?» ስትለኝ «ውሃ ጠምቷት ይሆናል» እልና ባልዲ አነሳለሁ።

ነገሩን የገለጠልኝ ጎረቤታችን ዘንድ በእንግድነት የመጣ፣ እንጅባራ አካባቢ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። ከግንዷ አጠገብ አፈር ዘግኖ ኮምጣጤ ጠብ ቢያደርግበት አረፋ ደፈቀ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ኖራ ነው» ብሎ ሳቀ። እነርሱ ዘንድ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። በአዊ ደጋ ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደው መሬቱ ከልክ በላይ ኮምጥጧል፤ ገበሬው ሰብል ለማግኘት ኖራ ይበትናል።

ቡና ግን መጠነኛ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፤ በፒኤች መለኪያ ከ5 እስከ 6 ተኩል ያህል። 7 መካከለኛው ነው። ከዚያ ሲያልፍ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይታሰርና ሥር ሊመጠው ያቅተዋል። የእኛዋ ዛፍ የተራበችው ብረት ነበር።

«ታዲያ ኮምጣጤውን ላፍስስባት?» አልኩት።

«ሥሯን ታቃጥላለህ እንጂ አይዘልቅም። ዘጌ ሄደህ መሬቱን እይ።»

ዘጌ ስንት ጊዜ በጀልባ ተሻግሬያለሁ፤ እግሬ ሥር ያለውን ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የረገፈው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል። እኛ ደግሞ ቅጠሉን በየማለዳው ጠርገን እናቃጥልና አመዱን ለዛፏ እንመልስላታለን!

በመጀመሪያ ነጩን ሽፋን ሥሯን ሳልነካ ቀስ ብዬ ፍቄ አወጣሁ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል፣ የከብት ፍግ፣ የወጥ ቤት ጥራጊና የጀበና አተላ በጉድጓድ አከማችቼ፣ እያገላበጥኩ አራት ወር ያህል አበሰበስኩ። አመድና የእንቁላል ቅርፊት አልገባበትም፤ ሁለቱም ኮምጣጣነትን ይገድላሉ። ብስባሹን ከግንዷ ትንሽ አርቄ በአራት ጣት ውፍረት አለበስኳት፤ በላዩም ደረቅ ቅጠል ነሰነስኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ የበሰለ ብስባሽ ራሱ ያን ያህል ኮምጣጣ አይደለም፤ አተላውም ቢሆን ሰው እንደሚያወራለት አይደለም። ሥራው ዝግ ያለ ነው። ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚወጡት ደካማ አሲዶች ብረቱን ይዘው ለሥር ያቀርባሉ፤ የቀረውን ኖራ የክረምት ዝናብ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ለውጥ ባለማየቴ ልተወው ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ግን ጫፏ ላይ የወጡት ቅጠሎች አረንጓዴ ሆኑ። በአጥሩ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ዛሬም ቢጫ ነው።

አሁን በረካው እንዳበቃ እናቴ ራሷ አተላውን ወደ ጉድጓዱ ትወስዳለች። የኖራውን ነገር እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን መጽሔት በየወሩ የምታነብላት እኅቴ ናት፤ እንግዲህ ከእርሷ ትስማው።