ነጎድጓድና ልጁ

ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ክረምቱን በከብት ጥበቃ ያሳለፈ ሰው ነጎድጓድ የሚያስፈራው አይመስለውም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። በአንድ የሐምሌ ቀን መብረቅ ወርዶ ጥገታችንን ከዛፍ ሥር ሲገድላት አይቻለሁና፥ ሰማይ የሚያመጣውን መከራ ሁሉ ያወቅሁ መስሎኝ አደግሁ።

ይህ ትምክሕት የፈረሰብኝ በአሜሪካ አገር፥ በኦክላሆማ፥ በስቲልዎተር ከተማ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከተማይቱ ለእኛ ባዕድ አይደለችም፤ በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የረዳው ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በእርስዋ ነውና። በአንድ የግንቦት ማታ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱም ያስተጋባ ጀመር። የአገሬን ክረምት እያስታወስሁ ደጅ ቆሜ ስመለከት፥ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት አሮጊት እጄን ይዘው ከምድር በታች ወደ ተሠራው መሸሸጊያ አወረዱኝ። «ይህ እኮ ነጎድጓድ ብቻ ነው» ብላቸው፥ «ቶርኔዶም እስኪወለድ ድረስ እናቱ ነጎድጓድ ብቻ ናት» ሲሉ መለሱልኝ።

በዚያች ሌሊት ቶርኔዶ አልመጣም። በማግሥቱ በአሮጊቷ ፍርሃት በልቤ ሳቅሁ። ነገር ግን ነገሩን ከመጻሕፍት ስመረምር ሳቄ ወደ እፍረት ተለወጠ።

በዚያ ሜዳማ አገር ሞቃትና እርጥብ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ በላዩም ከምዕራብ የመጣ ደረቅ አየር ያልፋል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ የነጎድጓድ ደመና ይሠራል። የታችኛውና የላይኛው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ በጣም ሲለያዩ፥ በመካከላቸው ያለው አየር እንደሚንከባለል ግንድ ተጋድሞ ይሽከረከራል። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ይህን ጥቅል አንሥቶ ሲያቆመው ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ሽክርክሪቱ በምድር አጠገብ እየጠበበ ሲሄድ ፍጥነቱ ይበረታል፤ ያን ጊዜ ቶርኔዶ ተወለደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከሚዞሩት ደመናዎች መካከል የሚበዙት ቶርኔዶ ሳይወልዱ ይበተናሉ።

ችግሩም ይኸው ነው። በአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ይሸበራል በሚል ሥጋት «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ከትንበያ ውስጥ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። መጋቢት 11 ቀን 1940 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር 1948) በኦክላሆማ የሚገኘውን የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር ቶርኔዶ መታው፤ ብዙ አውሮፕላኖችንም ሰባበረ። ፎቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች የዚያን ቀን የአየር ሁኔታ መረመሩ፤ መጋቢት 16 ቀን ተመሳሳይ ምልክት ባዩ ጊዜም ቶርኔዶ ይመጣል ብለው በጽሑፍ አስታወቁ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ በዚያው ማታም ቶርኔዶው በእርግጥ መጣ። በ1942 ዓ.ም. የሲቪሉ መሥሪያ ቤትም ቃሉን እንዲጠቀም ተፈቀደለት።

አንባቢ ሆይ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። አደጋው ሳይደርስ የቀረ ማስጠንቀቂያ ሐሰት አይባልም፤ ለሕዝብ ሳይነገር የቀረ ማስጠንቀቂያ ግን በደል ነው። እኔም ዛሬ ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሞተችው ጥገት ሳይሆን፥ ሳልጠይቃቸው እጄን ስለያዙት አሮጊት ነው። በልቤ ስለ ሳቅሁባቸውም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ተለያየን።