ነጠላውና ፊቱ አብረው የሚታዩበት ስክሪን

ሰርግ የምታነሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለካሜራና ለሌንስ የምታወጡትን ብር አውቃለሁ። ዕቁብ ጠብቃችሁ፣ ተበድራችሁ፣ በሰው አስመጥታችሁ ነው የምትገዙት። ፎቶውን ኤዲት የምታደርጉት ግን ላፕቶፑ ይዞት በመጣው ስክሪን ነው። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ እናት ፊት ጠቁሯል፣ የነጠላዋ ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኗል፤ ወቀሳው ማተሚያ ቤቱ ላይ ያርፋል። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። እናትየው ያንን አልበም ዕድሜ ልኳን ነው የምታየው።

የእኛ ሰርግ ስክሪንን ክፉኛ ይፈትናል። ነጭ ቀሚስ ላይ ነጭ ነጠላ፣ ከጎኑ ጠይም ፊት፣ በመልሱ ቀን ደግሞ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ። ፎቶሾፕ ብርሃንን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ የነጠላው ክር የሚኖረው 255 አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ነው፣ የካባው እጥፋት ደግሞ ዜሮ አጠገብ። ርካሽ ስክሪን ሁለቱንም ጫፍ ይውጣል። በተለይ ቲኤን የሚባለው ፓኔል ትንሽ ጎንበስ ወይም ቀና ስትሉ ፊቱን ያነጣዋል ወይም ያጠቁረዋል። ያኔ ደህና የነበረውን ፊት “ታስተካክላላችሁ”።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ በዚያው ብር አዲስ ርካሽ ሞኒተር ከምትገዙ፣ ያገለገለ ግን ደህና ፓኔል ያለው ግዙ። መፈለግ ያለባችሁ አይፒኤስ የሚባለውን ፓኔል ነው፤ ሂታቺ በ1996 ያወጣው የቲኤንን የእይታ ማዕዘን ችግር ለመፍታት ነበር። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፊት ለፊት ስታዩት ጨለማው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ይደብቃል፤ ለካባ አይሆንም።

ሱቅ ስትገቡ ኢንቹን ከመጠየቃችሁ በፊት ሞኒተሩን አዙሩና ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። ዴል ላይ የመጀመሪያው ፊደል ደረጃውን፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ኢንቹን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በግምት የሞዴሉን ዓመት ይነግሯችኋል። አንዲት ቁጥር ብዙ ትለውጣለች፤ ፒ2412ኤች ቲኤን ነው፣ ፒ2414ኤች ደግሞ አይፒኤስ። ሻጩ ሁለቱንም “ዴል 24” ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ።

እኔ ለጀማሪ ደጋግሜ የምጠቁመው የዴልን ዩ2412ኤም ነው። በ2011 የወጣ አይፒኤስ ነው፤ 1920 በ1200 ስለሆነ ከተለመደው ስክሪን ቁመቱ በ120 ፒክስል ይበልጣል፣ ያ ቦታ ለላይትሩም ይጠቅማል። ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በቪጂኤ ላሳያችሁ ቢል እሺ አትበሉ፣ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላልና ጥፋቱ የገመዱ ይሁን የፓኔሉ አትለዩም።

ታላቅ ወንድሙ ዩ2410 ሲገኝ ያጓጓል፤ ቀለሙ ሰፊ ነው፣ ወደ አዶቤ አርጂቢ ይጠጋል። ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከፍሎረሰንት ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲያረጅ ይደክማል፣ ወደ ቢጫም ያደላል፣ በከፈታችሁት ቁጥርም እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ አለባችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ቀለም የማያስተዳድር ፕሮግራም ፎቶውን ሲከፍት ቆዳ እንደ በርበሬ ይቀላል። እናንተ ቅላቱን ትቀንሳላችሁ፣ ደንበኛችሁ ስልክ ላይ ፊቷ አመድ መስሎ ይታያል። ሥራችሁ የሚያልቀው ቴሌግራምና አልበም ላይ ከሆነ ኤስአርጂቢ የሚባለው የተለመደው የቀለም ክልል ይበቃችኋል።

ስትፈትሹ አትቸኩሉ። የራሳችሁን ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጠላ፣ ፊትና ካባ አንድ ላይ ያሉበት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሙሉ ስክሪኑን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አድርጉና የሞተ ፒክስል ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ግራጫ አድርጉት። አንዱ ጎን ሮዝ ሌላው አረንጓዴ ከመሰለ ተዉት፤ ምንም ማስተካከያ አያድነውም። ቢሮ የኖረ ሞኒተር ደግሞ ቀን ከሌት ክፍት የነበረ ፕሮግራም ጥላው ቀርቶበት ይገኛል፤ ግራጫው ያጋልጠዋል። አንዲት የሞተች ፒክስል ዳር ላይ ብትኖር ግን ዋጋ አስቀንሱባትና ውሰዱት።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ካለ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይፈልግ፣ እግሩንም ፈቶ ለብቻ ይጠቅልለው።

ቤት ስታደርሱት ብርሃኑን ቀንሱ። ዩ2412ኤም እስከ 300 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያበራል፤ ለህትመት የሚሠራ ሰው ወደ 120 አካባቢ ያወርደዋል። ወረቀት ከውስጡ አያበራም። ስክሪናችሁ ከልክ በላይ ሲያበራ ፎቶውን አጨልማችሁ ትልካላችሁ፣ የእናትየው ፊትም የሚጠቁረው በዚህ ነው።

የስክሪኑን ቀለም የሚለካው ካሊብሬተር ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ ግን በየቀኑ አያስፈልግም። አንድ ሰፈር ያላችሁ ልጆች ተዋጥታችሁ አንድ ግዙና በየወሩ ተዟዟሩበት፤ አብሮት የሚሠራው ዲስፕሌይካል የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። መሣሪያው በእጃችሁ እስኪገባ፣ ማተሚያ ቤቱ ያተመላችሁን አንድ ጥሩ ፎቶ መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩና ብራይትነሱን በዚያ ልክ አውርዱት።