በዓሉ ግርማና የእኔ ሚኒ ሚዲያ

ስለ በዓሉ ግርማ ብዙ ተጽፏል። እኔም የምጨምረው ነገር ኖሮኝ ሳይሆን አንድ ያሳፈረኝን ነገር ስላስታወሰኝ ነው የምጽፈው።

«ኦሮማይ»ን ያነበብኩት ባለፈው ክረምት ለእረፍት አገሬ ዱብሉቅ ሄጄ ነው። መጽሐፉ የውሰት ነው፤ ሽፋን የሚባል ነገር የለውም። ኤላው ጋ ከብት ለማጠጣት ተራችንን ስንጠብቅ ነበር የማነበው። ታች ያሉት ጎልማሶች እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ፣ እኔ አስመራ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

በዓሉ ኢሉባቦር ተወልዶ፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ነው። «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል። በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን ሆነ። ብዙዎቻችን ይቺን ቶሎ እናልፋታለን። የሚያስደንቀው ግን እዚህ ጋ ይመስለኛል። በ1972 ዓ.ም. «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ሲያሳትም ከአብዮቱ ጋር የቆመ ደራሲ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲሄድም ሥራው ፕሮፓጋንዳ ነበር። የመጽሐፉ ጋዜጠኛ ፀጋዬም ሥራው ያው ነው። ማለትም በዓሉ ከውጭ ሆኖ አልከሰሰም፤ እጁ ያለበትን ነገር ነው የጻፈው። በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉ ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ብቻ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች። በ2017 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ታትሟል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶት ነበር። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች ዱብሉቅ መጥተው በላስቲክ መጠለያ ሰፍረዋል። እኔ ያኔ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ነኝ፤ ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር። ስለ ድርቁ ዜና ጻፍኩ። እርዳታ መምጣቱን፣ ሕዝቡ መተጋገዙን፣ ሁሉንም አሳምሬ ጻፍኩ። የእኛ ቤት አሥራ አንድ ላም እንደነበረውና ሦስት እንደቀሩት ግን አልጻፍኩም። ማንም አትጻፍ አላለኝም! ዜና እንደዚህ አይነገርም ብዬ ራሴ ነኝ የሰረዝኩት። ተጨበጨበልኝም።

ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። አማርኛ ብዙም ስለማይሰማ እየተረጎምኩለት ነው። ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣

«ይሄ የትኛው አገር ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዓሉ ከአስመራ ሲመለስ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ይመስለኛል ራሱን ጠይቆ ነው።

መጽሐፉን ጨርሼ ለባለቤቱ መለስኩ። ያቺን ዜና የጻፍኩባት ደብተር ግን እቤት አለች። የሰረዝኩት መስመር ከሥሩ አሁንም ይነበባል፤ በአንድ ጭረት ብቻ ነበር የሰረዝኩት።